ዳኛው መርፌ፣ ምስክሩ ማግኔት

ጉበት መታመሙን ለባለቤቱ ቶሎ የሚናገር አካል አይደለም። ጠባሳው ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለአሥርተ ዓመታት፣ አንዳች ሕመም ሳይሰማ ይከማቻል፤ ዓይን ቢጫ ሲለብስና ሆድ ውኃ ሲቋጥር ግን ብዙው ነገር አልፏል። ሐኪሞች ሕመሙን ቀድመው ለመያዝ መጀመሪያ የተማመኑት በመርፌ ነበር። በ1883 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ የስኳር ሕመምተኞች ጉበት ምን ያህል ግላይኮጅን እንደያዘ ለማወቅ መርፌ ሰድዶ ናሙና ቀዳ። በ1939 የኮፐንሃገኖቹ ኢቨርሰንና ሮሆልም ዘዴውን በሄፓታይተስ ሕመምተኞች ላይ ተጠቅመው ያገኙትን አሳተሙ። መርፌውን በየሆስፒታሉ ያስለመደው ግን በ1958 ጣሊያናዊው ሜንጊኒ ያስተዋወቀው አሠራር ነው፤ መርፌው ጉበት ውስጥ የሚቆየው ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ አደጋውም ፍርሃቱም ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ከጉበት ተቀድቶ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቁራጭ የመጨረሻው ዳኛ ሆነ። ፓቶሎጂስቱ ጠባሳውን አይቶ ደረጃ ይሰጠዋል፦ ምንም ከሌለ 0፣ ጉበቱ ተቋጥሮና ጠንክሮ ሲሮሲስ ከሆነ 4።

ዳኛው ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። በመርፌ የሚወጣው ቁራጭ የጉበቱን 50,000ኛ እጅ ያህል ቢሆን ነው። አንድ ጭብጥ ስንዴ ዘግኖ በጎተራው ሙሉ እንደ መፍረድ ነው፤ እህሉ ወጥ ከሆነ ፍርዱ ያስኬዳል፣ እንክርዳዱ በአንድ ጥግ ከተከማቸ ግን ያሳስታል። የጉበት ጠባሳ ደግሞ ወጥ ሆኖ አይሰራጭም። ኤም አር አይ ጉበትን መለካት የጀመረበት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው መርፌን ያሸነፈ ማሽን ታሪክ ተደርጎ ነው። ማስረጃውን በቅደም ተከተል የተከታተለ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ማግኔቱ አርባ ዓመት በመርፌው ፊት ሲመሰክር ቆየ፤ ምስክርነቱ እየጠራ በሄደ መጠን የዳኛው ድክመት ይበልጥ እየታየ መጣ፤ በመጨረሻም ማሽኑ ከመርፌው ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ጥያቄ ራሱ ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑ አጠራጠረ።

የማግኔቱ ታሪክ ከጉበት ጋር የተገናኘው ገና ከጅምሩ ነው። ሰውነታችን በአብዛኛው ውኃ ነው፤ በውኃው ውስጥ ያሉት የሃይድሮጂን ፕሮቶኖች ኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ሲገቡ ይሰለፋሉ፣ በሬዲዮ ሞገድ ሲነኩ ከሰልፋቸው ይወጣሉ፣ ሞገዱ ሲቋረጥ ደግሞ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። ለመመለስ የሚወስድባቸው ጊዜ ቲ-ዋን ይባላል፤ ነፃ ውኃ በበዛበት ሥጋ ውስጥ ይረዝማል። በ1971 አሜሪካዊው ሐኪም ሬይመንድ ዳማዲያን ከአይጦች የተወሰዱ ዕጢዎች ከጤነኛ ሥጋ የረዘመ ጊዜ እንደሚያሳዩ አሳተመ። በ1973 ፖል ላውተርበር ያንኑ ምልክት ወደ ምስል የሚለውጥበትን መንገድ አሳየ። ከዚያም በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ፣ በጆን ማላርድ የሚመራው ቡድን ሙሉ ሰውነት የሚያነሳ ማሽን ሠርቶ ኦገስት 28 ቀን 1980 የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አስገባ። የማግኔቱ ኃይል 0.04 ቴስላ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በሆስፒታል የተለመዱት 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው። በዚያ ደካማ ማግኔት የተነሳው ምስል በሕመምተኛው ደረት ውስጥ ዕጢ፣ በአጥንቶቹ ላይ የተሰራጨ ካንሰር፣ እንዲሁም ጤነኛ ያልሆነ ጉበት አሳየ። በዓመቱ፣ በ1981፣ ቡድኑ በላንሴት መጽሔት ላይ ስለ ጉበት በሽታ ብቻ የሚናገር ጽሑፍ አወጣ፤ ሲሮሲስ ያለበት ጉበት ቲ-ዋኑ ከጤነኛው የረዘመ ነበር። ኤም አር አይ ስለ ጉበት መጀመሪያ የተናገረው በቁጥር ነው ማለት ነው። ሐኪሞች በዓይን የሚያነቡት ጥቁርና ነጭ ምስል የገነነው ከዚያ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ የቲ-ዋን ቁጥር ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረ። ቲ-ዋን በማግኔቱ ኃይል ልክ ይለዋወጣል፤ ያው ጉበት በደካማ ማግኔት አጭር፣ በኃይለኛ ማግኔት ረጅም ቁጥር ይሰጣል። በየሆስፒታሉ የተተከለው ማሽን የተለያየ ስለነበረ የአንዱ ከተማ ቁጥር ለሌላው አይሠራም ነበር። መለኪያውም ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ ሕመምተኛው ደግሞ ይተነፍሳል፣ ጉበቱም ከድያፍራሙ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ራዲዮሎጂስቶች በዓይናቸው ወደሚያነቡት ምስል አዘነበሉ። እዚያ ላይ ያለው ንጣትና ጥቁረት ግን አሃድ የለውም፤ ኪሎ ወይም ሜትር ተብሎ አይጻፍም፣ ባለሙያው ጉበቱን ከአጠገቡ ካለው ጣፊያ ጋር አስተያይቶ ይናገራል። በዚያን ዘመን የምስል ትንተና ማለት ማስመሪያ ይዞ መለካት ነበር። የቦስተኑ ሃርቢንና ባልደረቦቹ በ1980 በሲቲ ስካንና በአልትራሳውንድ ያሳዩት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሲሮሲስ ቀኙን የጉበት ክፍል ሲያኮማትር ኮዴት የተባለችው ትንሿ ክፍል ትፋፋለች፤ የሁለቱ ስፋት ንጽጽር 0.65 ከደረሰ ያጠራጥራል። ብልኅ መለኪያ ነው፤ የሚሠራው ግን ቅርጹ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ማወቅ የሚፈልገው ከዚያ በፊት ነው።

በቁጥር መለካት እንደገና ብቅ ያለው በስብ በኩል ነው። በ1984 ቶማስ ዲክሰን የተባለው ተመራማሪ አንድ ቀላል ነገር አስተዋለ። በውኃና በስብ ውስጥ ያሉ ፕሮቶኖች በአንድ ማግኔት ውስጥ ሆነው በጥቂቱ የተለያየ ፍጥነት አላቸው፤ በ1.5 ቴስላ ልዩነቱ በሰከንድ 220 ዙር ያህል ነው። ስለዚህ ምልክታቸው ከተነሳ ከ2.3 ሚሊሰከንድ በኋላ ይቃረናል፣ ከ4.6 ሚሊሰከንድ በኋላ ይገጥማል። ሲገጥሙ የተነሳው ምስል የሁለቱን ድምር ይይዛል፣ ሲቃረኑ የተነሳው ልዩነታቸውን። ድምሩ 100፣ ልዩነቱ 60 ከሆነ አንዱ 80፣ ሌላው 20 ነው፤ ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው። ችግሩ 80ው ውኃው ይሁን ስቡ ምስሉ አለመናገሩ ነው፤ ይህን የፈታው በ1991 ግሎቨር ሦስተኛ ምስል በመጨመር ነው። ያም ሆኖ የሚወጣው የስብ መጠን ገና የሚታመን አልነበረም። ጉበት ውስጥ ብረት ካለ በሁለቱ ምስሎች መካከል ባለው አፍታ ምልክቱን ስለሚያደክም ስቡን ይደብቃል። የስቡ ምልክት ራሱ አንድ ወጥ አይደለም፣ ስድስት ያህል የተለያዩ ድግግሞሾች አሉት። ስብ ቲ-ዋኑ አጭር ስለሆነም ካለው በላይ ደምቆ ይታያል። እነዚህን አንድ በአንድ እየለዩ ማስወገድ ሌላ ሃያ ዓመት ፈጀ፤ ይህ ድካም በታሪኩ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አያገኝም፣ እኔ ግን ከፈጠራው እኩል አየዋለሁ።

በመሐሉ ጨርሶ ሌላ ዓይነት መለኪያ ተፈጠረ። ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ሆድን በእጃቸው እየዳሰሱ የጠነከረ ጉበትን ይለያሉ። በ1995 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ እነ ሙቱፒላይና ሪቻርድ ኤማን ይህንኑ ዳሰሳ በማግኔት የሚሠሩበትን መንገድ ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ፤ ኤም አር ኢላስቶግራፊ ይባላል። ዛሬ ሲሠራ የሚታየው እንዲህ ነው፦ ሕመምተኛው በጀርባው ይተኛል፣ በቀኝ የጎድን አጥንቶቹ ላይ ጠፍጣፋ ክብ ፕላስቲክ በላስቲክ ቀበቶ ይታሰራል፣ ከማሽኑ ክፍል ውጭ ካለ ንዝረት ሰጪ በረጅም ቱቦ የሚመጣ አየር ፕላስቲኩን በሰከንድ 60 ጊዜ ያነዝረዋል። ሕመምተኛው ለጥቂት ሰከንዶች ትንፋሹን ይይዛል፤ ማሽኑ ንዝረቱ ጉበቱን ሲያቋርጥ ያነሳዋል። ለስላሳ ጉበት ውስጥ ሞገዱ አጭር አጭር ሆኖ ይደረደራል፣ በጠነከረው ውስጥ ይለጠጣል። ጥንካሬው 2 ኪሎፓስካል ከሆነ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 2.4 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ 8 ኪሎፓስካል ሲደርስ 4.7 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሶፍትዌሩ ይህን ርቀት በየነጥቡ እያሰላ ጉበቱን በቀለም ካርታ ያወጣዋል። ልዩነቱ በማስመሪያ የሚለካ ያህል ግዙፍ መሆኑ ነው ዘዴውን ጠንካራ ያደረገው።

መርፌው ራሱ ለምርመራ የቀረበውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። በ2002 ሬጌቭና ባልደረቦቹ 124 የሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኞችን በላፓሮስኮፒ መርምረው ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ናሙና፣ አንድ ከቀኙ አንድ ከግራው የጉበት ክፍል፣ ወሰዱ። ከሦስት ሕመምተኞች በአንዱ ሁለቱ ናሙናዎች ቢያንስ በአንድ የጠባሳ ደረጃ ተለያዩ። በ18ቱ፣ ማለትም 14.5 በመቶ በሚሆኑት፣ አንዱ ናሙና ሲሮሲስ አለ ሲል ሌላው ገና አልደረሰም አለ። ያው ሰው፣ ያው ቀን፣ ያው ጉበት። መርፌው የገባው በግራ ይሁን በቀኝ ሰውየው ሲሮሲስ አለበት ወይም የለበትም የሚለውን ሊወስን ይችል ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት አዳዲስ መለኪያዎች ሁሉ ትክክለኛነት በመቶኛ የተሰላው ግን በዚሁ ዳኛ ነው።

በ2003 የፓሪሱ ኩባንያ ኢኮሴንስ ጥንካሬን በአልትራሳውንድ የሚለካውን ፋይብሮስካን አቀረበ፤ ርካሽ፣ ተንቀሳቃሽ፣ ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ። በ2007 ደግሞ ከማዮ ክሊኒክ የማግኔቱ ኢላስቶግራፊ ውጤት ወጣ፦ በ35 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችና ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ባለባቸው 50 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ 2.93 ኪሎፓስካል መለያ ተደርጎ ሲወሰድ ጠባሳ ካለባቸው 98 በመቶውን ይዟል፣ ከሌለባቸው 99 በመቶውን ነጻ ብሏል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ግን ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። በአንድ ወገን ፍጹም ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ፣ በሌላው ወገን የታወቀ ሕመምተኛ ሲቀርብ መለየት ይቀላል፤ ክሊኒክ የሚመጣው ሰው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ነው። በ2016 ከጃፓን ዮኮሃማ፣ ስብ የሞላ ጉበት ባላቸው 142 ሕመምተኞች ላይ የተሠራው ጥናት ወደ እውነታው ቀረብ ይላል፦ ጠባሳው ደረጃ 2 እና ከዚያ በላይ የሆነባቸውን ለመለየት የማግኔቱ ብቃት ከ1 ላይ 0.91፣ የፋይብሮስካኑ 0.82 ሆነ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ማግኔቱ ይበልጣል። ዳኛው ራሱ በየሦስት ሰው አንዴ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ከቀረው 0.09 ስንቱ የማሽኑ ስሕተት፣ ስንቱ የመርፌው እንደሆነ ማንም ሊለየው አይችልም።

እዚህ ላይ የብረቱ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ታላሴሚያ ያለባቸው ልጆች በየጊዜው ደም ስለሚሰጣቸው ብረት በጉበታቸው ይከማቻል፤ መጠኑን ለማወቅም በየጊዜው መርፌ ያስፈልጋቸው ነበር። በ2004 ከፈረንሳይ ሬን፣ በ2005 ደግሞ ከምዕራብ አውስትራሊያ የቲም ሴንት ፒየር ቡድንና ከሎስ አንጀለስ የጆን ዉድ ቡድን ኤም አር አይ የብረቱን መጠን በትክክል እንደሚለካ አሳዩ። የአውስትራሊያው ዘዴ በዚያው በ2005 የአሜሪካን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አገኘ፤ መርፌውም ከዚህ ሥራ በፍጥነት ተሰናበተ። ብረት ላይ ይህን ያህል የፈጠነው ጠባሳ ላይ ለምን ዘገየ? መልሱ በዳኛው ዓይነት ላይ ነው እላለሁ። በብረት ጉዳይ ቁራጩ ላቦራቶሪ ገብቶ በአንድ ግራም ደረቅ ጉበት ውስጥ ስንት ሚሊግራም ብረት እንዳለ በኬሚስትሪ ይለካል፤ ቁጥር ከቁጥር ጋር ይተያያል። በጠባሳ ጉዳይ ግን ዳኛው የሰው ዓይን ነው፣ ፍርዱም ከ0 እስከ 4 ያለ ሻካራ ደረጃ ነው። ሻካራ መስፈሪያ ረቂቁን መለኪያ ሊያጸድቅ አይችልም።

የስቡም ነገር በዚሁ ጊዜ ተቋጨ። ዊስኮንሲን ያለው የስኮት ሪደርና ሳን ዲዬጎ ያለው የክላውድ ሰርሊን ቡድኖች በአንድ ትንፋሽ ስድስት ያህል ምስሎችን በማንሳት ብረቱን፣ የስቡን ውስብስብ ድግግሞሽና የድምቀቱን አድልዎ በአንድ ስሌት አስወገዱ፤ ከስብና ከውኃ ፕሮቶኖች ድምር የስቡ ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚናገር መለኪያ ወጣ። ከቁጥሩ የትኛው ጤነኛ ነው ለሚለው መነሻ የሆነው በ2005 ከዳላስ የወጣ ጥናት ነው፤ በስፔክትሮስኮፒ 5.56 በመቶን የላይኛው ወሰን አድርጓል። አዲሱ መለኪያ ዋጋውን ያሳየው በ2012 ነው። ሳን ዲዬጎ ውስጥ የሮሂት ሉምባ ቡድን ኮልሰቨላም የተባለውን መድኃኒት ስብ የሞላና የተቆጣ ጉበት ባላቸው 50 ሰዎች ላይ ለ24 ሳምንት ሞከረ። በማይክሮስኮፕ የታየው ናሙና መድኃኒቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ልዩነት አላገኘም። ማግኔቱ ግን መድኃኒቱ የጉበት ስብን እንደ ጨመረ፣ ልዩነቱም 5.6 በመቶ እንደሆነ አሳየ። ሊያድን የተሰጠ መድኃኒት ስብ ሲጨምር የመርፌው ናሙና ሳያየው አልፏል። ከዚህ በኋላ ማሽኑ ከናሙናው ጋር ባለመስማማቱ ብቻ ተሳስቷል ማለት አስቸጋሪ ሆነ።

በ2014 የአበርዲን ቲ-ዋን ከተቀበረበት ወጣ። በኦክስፎርድ ጆን ራድክሊፍ ሆስፒታል ለናሙና የተላኩ 79 ሕመምተኞች ከመርፌው በፊት በማግኔት ታዩ። ባነርጂና ባልደረቦቹ ያደረጉት ቁም ነገር ቀድሞ የጠፋውን ማስተካከያ መጨመር ነው፦ ጠባሳና ብግነት ቲ-ዋንን ያስረዝማሉ፣ ብረት ያሳጥራል፣ ሁለቱ በአንድ ጉበት ሲገናኙ ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ብረቱን ለይቶ ለክቶ ውጤቱን ማረም ሲቻል የተደበቀው በሽታ ታየ። ይኸው ቡድን በ2016 ከሁሉ የሚልቀውን ጥያቄ ጠየቀ። 112 ሕመምተኞችን ለሁለት ዓመት ከሩብ ያህል ተከታተለ፤ 10ሩ በጉበታቸው የተነሳ አደጋ ላይ ወደቁ። ከታረመው ቲ-ዋን የተሰላው ነጥባቸው ከ2 በታች ከነበረ ሰዎች መካከል አንድም የወደቀ አልነበረም። እዚህ ጋ መርፌው ዳኛ መሆኑ ቀርቶ ማግኔቱም መርፌውም በእኩል ምስክርነት ቀርበዋል፤ የሚዳኘው በሕመምተኛው ላይ የደረሰው ነገር ነው። በእርግጥ 10 ሰው ጥቂት ነው። ዘዴውን ከሚሸጠው ፐርስፔክተም ከተባለው ኩባንያ ጋርም ተመራማሪዎቹ የጥቅም ግንኙነት አላቸው፤ ራሳቸውም አስታውቀዋል። የጥያቄው አቅጣጫ ግን ትክክል ነበር።

ማግኔቱ ከመርፌው እኩል ይቁም በሚለው ሐሳብ ላይ ሦስት ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ ጥንካሬ ማለት ጠባሳ ማለት አይደለም የሚል ነው፤ እውነት ነው። ብግነት፣ በልብ ድካም የተጠራቀመ ደም፣ ከምግብ በኋላ የሚጨምር የደም ፍሰት ሁሉም ጉበትን ያጠነክራሉ፤ ስለዚህ ነው ሕመምተኛው ጾሞ እንዲመጣ የሚነገረው። ብረት የበዛበት ጉበት ላይም የተለመደው ኢላስቶግራፊ ጨርሶ ይከሽፋል። የሰሜን አሜሪካ ራዲዮሎጂ ማኅበር በ2007 ያቋቋመው የመለኪያዎች ጥምረት ይህን ሁሉ አስልቶ፣ በሁለት ምርመራዎች መካከል ያለው ልዩነት 19 በመቶ ካልደረሰ ለውጥ አለ ብላችሁ አትናገሩ ብሏል። እኔ ይህን እንደ ድክመት አላየውም፤ መርፌው ስሕተቱን በዚህ ግልጽነት ነግሮን አያውቅም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ መርፌው የበሽታውን መንስኤ ይናገራል፣ ማግኔቱ አይናገርም የሚል ነው። ራስን የሚያጠቃ ሄፓታይተስ ወይም በመድኃኒት የመጣ ጉዳት ሲጠረጠር ሕዋሱን ማየት የግድ ነው፤ በዚህ መርፌው ቦታውን አይለቅም፣ መልቀቅም የለበትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ከሁሉም ይከብዳል። ሄፓታይተስ ቢ በስፋት ባለባቸው አገሮች ኤም አር አይ ለጥቂቶች የሚደርስ ነው። በ2015 በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ሲጀምር ማን መድኃኒት ይጀምር የሚለውን ለመለየት የተጠቀመው በፋይብሮስካን ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለድሃ አገሮች የመከረው ከደም ምርመራ የሚሰላ ኤፕሪ የተባለ ነጥብ ነበር። የአዲስ አበባው ቡድን ሁለቱን ሲያስተያይ የድርጅቱ መለያ ቁጥር ሲሮሲስ ያለባቸውን አብዛኞቹን እንደሚያሳልፍ አገኘ። በ2024 ድርጅቱ አዲስ መመሪያ ሲያወጣ የሲሮሲሱን መለያ ከ2 ወደ 1 አወረደ። ይህ ለተቃውሞው መልስም ማስረጃም ነው። አንድ ወረዳ ኤም አር አይ አይገዛም፤ ርካሹ ነጥብ ግን የት ላይ እንደሚሳሳት ለማወቅ የተሻለ መለኪያ የሆነ ቦታ መኖር አለበት። ቁጥር ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላው ሳይፈተሽ ሲሻገር ምን እንደሚሆንም በግልጽ አሳይቷል።

በዚሁ ዘመን የኮምፒዩተሩም ተራ መጣ። በ2015 ከፍራይቡርግ ጀርመን የወጣው ዩ-ኔት የተባለው ስልት ጉበትን ከአካባቢው አካላት ራሱ ለይቶ የሚከልል ፕሮግራም አስገኘ። ከዚህ በፊት ባለሙያው በምስሉ ላይ ሁለት ሦስት ክብ በእጁ ሥሎ የዚያን አማካይ ይወስድ ነበር፤ ይህም በማግኔት ውስጥ የገባ የመርፌ ልማድ ነው። አሁን ሙሉው ጉበት ይለካል፣ ወጥ ይሁን ዥጉርጉርም ይታያል፤ የምስል ትንተና ለዚህ ሙያ ያበረከተው ትልቁ ነገር ይህ ነው ባይ ነኝ። ከዚህ ይልቅ የተወራለት ግን ሌላው ነው። በ2018 የቶኪዮው ያሳካ ቡድን በ634 ሕመምተኞች ምስል ጥልቅ ትምህርት የተባለውን ስልት አሠልጥኖና ፈትኖ የጠባሳውን ደረጃ እንዲገምት አደረገ፤ ብቃቱ 0.84 እና 0.85 ሆነ። ጥሩ ውጤት ነው፤ ኮምፒዩተሩ የተማረው ግን በፓቶሎጂስት ከተሰጠ ደረጃ ነው። መምህሩ የተሳሳተበትን እንደ ትክክል አጥንቶታል፣ መምህሩን ቢበልጥ እንኳ ፈተናው ተሳስተሃል ይለዋል። በ2020 ዴቪሰንና ባልደረቦቹ የመምህሩን ፈተና ውጤት ይፋ አደረጉ፤ ሦስት ፓቶሎጂስቶች የ339 ሕመምተኞችን ስላይዶች ለየብቻ ሲያነቡ፣ ሙሉ ስምምነት 1 በሆነበት መስፈርት በጠባሳ 0.48፣ በብግነት 0.33 ብቻ ተስማሙ።

ማርች 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ስብ ለሞላና ለተቆጣ ጉበት የመጀመሪያውን መድኃኒት፣ ሬስሜቲሮምን፣ አጸደቀ። መድኃኒቱን ያስጸደቀው ጥናት 966 ሰዎችን ይዞ በመርፌ ናሙና የተዳኘ ነው፤ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 25.9 በመቶው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 14.2 በመቶው ጠባሳቸው ቀነሰ ተባለ። ከ14.2ቱ የተወሰነው አመጋገቡን አስተካክሎ የዳነ ይሆናል፤ የተቀረው ግን መርፌው ሁለተኛ ጊዜ ሌላ ቦታ ስለገባ ነው ብሎ መጠርጠር ከሬጌቭ ጥናት በኋላ አያስነቅፍም። የሚገርመው፣ መድኃኒቱን ለማዘዝ የወጣው መመሪያ ናሙና መወሰድ አለበት አይልም። በጥናቱ ውስጥ ያለ መርፌ መግባት ያልተቻለበት መድኃኒት በክሊኒክ ያለ መርፌ ይታዘዛል፤ ሐኪሙም በፋይብሮስካን ወይም በማግኔቱ ቁጥር ይተማመናል።

ቀጣዩ ማስረጃ የሚጠበቀው ከእንግሊዝ ነው። ዩኬ ባዮባንክ በ2014 ምስል ማንሳት ጀምሮ በ2025 100,000ኛውን ሰው አነሳ፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉበት ተለክቶ ከሕክምና መዝገቡ ጋር ተያይዟል። ከእነዚህ ሰዎች ማን በጉበት ሕመም ሆስፒታል እንደሚገባና ማን እንደሚሞት በየዓመቱ ይመዘገባል፤ ፍርዱን የሚሰጠውም መርፌው ሳይሆን ይህ መዝገብ ይሆናል። የተነሱት ሰዎች ግን ከአገራቸው ሕዝብ በጤና የተሻሉና በአብዛኛው ነጮች ናቸው፤ የጉበታቸው ችግር ስብና አልኮል ነው። ሐረር ውስጥ በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተጠኑት ሥር የሰደደ የጉበት ሕመምተኞች ጉዳይ ሌላ ነው፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት የታወቀ መንስኤ አልተገኘም፣ በ2018 የታተመው ጥናትም ጫት መቃምን ከበሽታው ጋር አያይዞታል። የእነዚህ ሰዎች ጉበት በ100,000ው ውስጥ የለም፤ 2.93 ኪሎፓስካል ለእነሱም ያንኑ ትርጉም ይይዝ እንደሆነ ገና አልተለካም።